የቀና እጅ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት በመጣች በማግሥቱ ትኩሳት ያዛት። ክሊኒክ ወስጄ ደሟን አስመረመርሁ፤ ወባም ሌላም አልተገኘባትም፤ ዕረፍት ታድርግ ተብለን ተመለስን። ቴርሞሜትሩን ይዤ አልጋዋ አጠገብ ስቀመጥ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፣ “እማ፣ እትዬ ጫልቱ ጋ ደውይልኝ። የእሷ የምች መድኃኒት ነው የሚሻለኝ” አለችኝ።

እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ልጄንም የወለድሁት እኔ ነኝ። ይሁን እንጂ በዚህ ዕድሜዬ የማይጠበቅ፣ ከዐሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ የማውቀው ስሜት ደረቴን ጫን አለኝ።

ጫልቱ ወደ ቤታችን የመጣችው እኩያሞች ሆነን፣ ሁለታችንም ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ነው። አባቷ ወንጂ የሸንኮራ እርሻ ሠራተኛ ነበሩ፤ አዳማ እንድትማርላቸው እናቴን ለምነው እኛ ዘንድ አስቀመጧት። ሣቂታና ወሬኛ ነበረች፤ ከበር እስከ ጓዳ ለመድረስ አንድ ሙሉ ታሪክ ትጨርሳለች። እናቴ በሳምንቱ “ልጄ” ማለት ጀመረች።

እናቴ ከሰሜን ሸዋ መጥታ አዳማ የቀረች ሴት ነበረች። ከአገሯ ካመጣችው ሁሉ እንደ ዓይኗ ብሌን የምትጠብቀው አንድ የዳማከሴ ተክል ነበር። ዳማከሴ የደጋ ልጅ ነው፤ የአዳማን ሙቀትና አቧራ አይወድም። ስለዚህ ከፓፓያው ዛፍ ጥላ ሥር ተክላ፣ ጠዋት ማታ የእህል እጣቢ ታጠጣው ነበር። ፀሐይ ላይ ውሎ ላቡ ሳይደርቅ የቁሌት ሽታ የመታው፣ ራሱን የሚፈልጠው፣ የሚያንቀጠቅጠው ጎረቤት ሁሉ በራችንን ያንኳኳል። ለጉንፋን ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በማር ትለውሳለች፤ ለሆድ ድርቀት በውኃ ያደረ ተልባ፣ ለሚያገግም ሰው የአጃ አጥሚት አላት። ሕመሙ ሦስት ቀን ካለፈው ግን፣ “የእኔ ነገር እዚህ ድረስ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ” ብላ ትሸኛለች።

ይህን ሁሉ በደብተር እጽፍ ነበር። ሠንጠረዥ አስምሬ፣ የሕመሙን ስም በግራ፣ መጠኑን በቀኝ። ችግሩ መጠኑ ላይ ነበር።

“እማ፣ ዳማከሴው ስንት ቅጠል ነው?”

“እስኪበቃው።”

“እስኪበቃው ስንት ነው?”

“እጅሽ ይነግርሻል።”

እጄ ምንም አልነገረኝም። ለጫልቱ ግን ነገራት። ጥቂት ወር ሳይሞላ ቅጠሉን የምትቀጥፈው፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ የምትጨምቀው እሷ ሆነች። ከሁሉ ይልቅ የቆረቆረኝ የእናቴ ሕግ ነው፤ ዳማከሴ የሚቀጥፍ ሰው ቅጠሉን ከነካ ጀምሮ መድኃኒቱን ለበሽተኛው እስኪሰጥ ድረስ ቃል አይተነፍስም። ከተናገረ መድኃኒቱ ይረክሳል፤ ይደፋል። እኔ በተፈጥሮዬ ዝምተኛ ነኝ። ዝምታ ለሚጠይቅ ሥራ በዚያ ቤት ከእኔ የሚቀድም ሰው አልነበረም። የተመረጠችው ግን ስታወራ ውላ የማይደክማት ጫልቱ ነበረች።

አንድ ቀን፣ በጥቅምት፣ እናቴ ቲማቲም ልትገዛ መቂ ሄደች። ቀኑን በጠራራ ፀሐይ ውላ፣ እንደ ተመለሰች ሳታርፍ ድስት ጣደች። በማግሥቱ ጠዋት መነሣት አቃታት። ግንባሯን በእጄ ስነካው እንደ ፍም ይፋጅ ነበር።

“እማ፣ እኔ ቀጥፌ ላምጣልሽ?” አልኋት።

“ጫልቱ ታምጣ” አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። “የእሷ እጅ የቀና ነው።”

ተከትያት ወጣሁ። ጫልቱ ፓፓያው ሥር ጎንበስ ብላ እፍኝ የሚሆን ቅጠል ቀጥፋለች። በወንጂ ቤታቸው ሰላምታ ሳይመልሱ መቅረት በር ላይ የቆመን እንግዳ እንደ ማባረር እንደሚቆጠር የነገረችኝ ራሷ ነበረች። ‘እንዴት አደርሽ’ የሚለውንም ሰላምታ በኦሮምኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ድምፄን አለስልሼ፣

“አካም ቡልቴ፣ ጫልቱ?” አልኋት።

“ነጋ፤ አቲ አካም ቡልቴ?” አለች ሳታስበው። ወዲያው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ቀስ ብላ ዞረች። “ሆን ብለሽ ነው አይደል?”

“ሰላም አልኩሽ እንጂ ምን አልኩ?”

አልተጣላችኝም። ቅጠሉን ከዛፉ ግርጌ ደፋችው፤ ከዚያ ተክሉን አገላብጣ አየች። ሳምንቱን ሙሉ ለጎረቤት ሲቀጠፍ ሰንብቶ የቀረው ለጋው ጫፍ ብቻ ነበር። “ይህንን ብነካው ይደርቃል” አለችና ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

“ጫልቱስ?” አለችኝ እናቴ ስገባ።

“እየመጣች ነው።”

ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ ጫልቱ አልመጣችም። የእናቴ ከንፈር ደረቀ። ቅናቴ የት እንደ ሄደ አላውቅም፤ በቦታው የተቀመጠው ፍርሃት ነበር።

በዚህ መካከል ባለ ሱቁ ጋሽ ወርቁ በር ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እንደምን አደራችሁ? የእናንተን ልጅ አስቀይመናት ይሆን ብዬ ነው። አሁን ከባቡር ጣቢያው በኩል ስትመለስ፣ ‘ጫልቱ፣ ወዴት ነው በጠዋቱ?’ ብላት እንደ ጄኔራል እጇን አንሥታልኝ አለፈች። ባለ ጋሪውንም እንደዚሁ። ሰፈሩ ‘ጫልቱ ኮራች’ እያለ ነው።”

እናቴ ከውስጥ ሰማች። “ግቢዬ ውስጥ ቅጠል እያለ ጣቢያ ድረስ ምን ወሰዳት?” አለች። ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። ዝም አልሁ፤ የእኔ ዝምታ ለዚህ ብቻ ነበር የሚጠቅመው።

ጫልቱ እግሯ አቧራ ለብሶ፣ የነጠላዋን ጫፍ ቋጥራ ገባች። ጣቢያው አጠገብ የምትኖር የእናቴ የማኅበር እኅት ግቢ ድረስ ሄዳ፣ ዳማከሴ ቀጥፋ፣ ያን ሁሉ ሰላምታ ሳትመልስ ተመልሳ ነበር። ጨመቀች፣ አጠጣቻት፣ ግንባሯንና አንገቷን አሸቻት። የመጀመሪያ ቃሏ “እግዜር ይማርሽ፣ እማዬ” የሚል ነበር።

“የእኛው ቅጠል ምን ሆኖ ነው?” አለቻት እናቴ።

“አንሶ ነው” አለች ጫልቱ። ወደ እኔ አልዞረችም።

ከሰዓት በኋላ እናቴን ላብ አጠመቃት፤ ትኩሳቱም በረደ። ቅጠሉ ይሁን ዕረፍቱ፣ እንደ ሙያዬ ከሆነ፣ ዛሬም እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም። አጥሚት ይዤላት ስገባ ሁለት ጊዜ ፉት አለችና በዝግታ፣

“እሷ ይቀናታል። አንቺ ትቀኛለሽ” አለችኝ።

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ደብተሬ ውስጥ ያልጻፍሁት ይህን ብቻ ነው።

ዛሬ እናቴ የለችም። ጫልቱ መቂ ትኖራለች፤ ያን ጠዋት ለማንም አልተናገረችም። ከእናቴ ተክል የተገነጠለ ዳማከሴ ግቢዬ ውስጥ አለኝ፤ ውኃ አጠጣዋለሁ እንጂ ቀጥፌው አላውቅም። ለልጄ ብዬ ስደውልላት ግን ጫልቱ ሣቀችብኝ።

“እኔ ከመቂ እስክመጣ ልጅቷ ለምን ትሰቃይ? ራስሽ ቅጠፊ እንጂ።”

“የእኔ እጅ…” አልሁ።

“ኤዲያ! ዝም ማለት ነው እኮ። እሱን ከአንቺ በላይ የሚችል አለ?”

ስልኩን አስቀምጬ ወደ ግቢ ወጣሁና ከተክሉ ሥር ጎንበስ አልሁ። የመጀመሪያውን ቅጠል እንደ ነካሁ የልጄ ድምፅ በመስኮት መጣ።

“እማ፣ ደወልሽላት? እትዬ ጫልቱ ትመጣለች?”

አልመለስሁላትም።

“እማ? ተቆጣሽ እንዴ?”

ሌላ ቀጠፍሁ፤ ሌላም። ስንት እንደ ሆነ አልቆጠርሁም።