ፍየሏ የት ደረሰች?

ወንድሜን ፈልገው ሲያጡት እኔን ወሰዱኝ። እናቴ ነጠላዬን አቀበለችኝ፤ ጫማ ለመቀየር ግን ጊዜ አልሰጡኝም። በቤት ሸበጥ እንደሆንኩ እስር ቤት ገባሁ።

ክፍሉ ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ከረፋዱ ጀምሮ ስለሚግል ጀርባችንን ከግድግዳው አርቀን መሐል ላይ ተጠጋግተን እንቀመጥ ነበር። ከወለሉ ስንጥቅ ውስጥ አሁንም የቡና ፍሬ ይገኛል። ልጆች ያንን ሲለቅሙ አየሁና ደነገጥኩ። እዚያ ልጆች ይኖራሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሴቶቹ ስሜን ጠየቁኝ። መለስኩ፤ አልሰሙኝም። ደግመው ጠየቁኝ።

"ይቺ ልጅ ድምፅዋን እቤት ረስታው ነው የመጣችው" አለች አንዷ። ሳቁ። ሳቃቸው ክፋት አልነበረውም።

እውነቱን ለመናገር እቤትም እንዲሁ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ ተነስቼ ከመመለስ ዜሮ ይሻለኝ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ አልቀጠልኩም። መርማሪውም ስለ ወንድሜ ሲጠይቀኝ የማውቀው እንኳ ባይኖር "አላውቅም" የሚለው ቃል አልወጣ አለኝ። ንቀት መስሎት በጥፊ መታኝ።

ቲቸር የምንላት እስረኛ ነበረች። ከመታሰሯ በፊት ትንንሽ ልጆች ታስተምር ነበር። ጠዋት ሙቀቱ ሳይብስ ሦስቱን ልጆች ሰብስባ ተረት ትነግራቸዋለች።

"ተረት ተረት።"

"የላም በረት!" ይላሉ። ትንሿ በረት አይታ አታውቅም።

"አንዲት ፍየል ነበረች" ትልና ዝም ትላለች። "የት?" ብለው ካልጠየቋት አትቀጥልም። ሕጓ ነው።

"ቀፊራ ገበያ።"

የቀፊራዋ ፍየል ሌባ ነበረች። ባለ ጎመኗ ዞር ስትል ትነጥቃለች፣ ካርቶን ትበላለች፣ ጋሪ ሲመጣ ከሰው ቀድማ ትሰማለች። በማግስቱ ቲቸር ያቺኑ ፍየል ጋራ ሙለታ ላይ ታወጣታለች። እዚያ ብርድ ነው። ፍየሏ ከበጎች መሐል ገብታ ጭምት ትሆናለች።

"ሌባዋ ፍየል ሞተች እንዴ?"

"አልሞተችም።"

"ታዲያ የት ሄደች?"

"እዛ ገበያ የለማ!" አለ አንዱ ልጅ።

"ጎበዝ። አንድ ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት የት እንዳለ ጠይቁ።"

ትንሿ ልጅ እጇን አወጣች። እናቷ ሶማሊኛ ተናጋሪ ናት፤ ባሏ ድንበር ተሻግሯል ተብላ ነው የታሰረችው። ልጅቷን አዝላ ስትገባ ገና አትራመድም ነበር። እግርም አፍም ያወጣችው እዚያው ነው። ከእናቷ ጋር በሶማሊኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ታወራለች፤ ስድቡን ግን ከአንዲት የኦሮሞ እናት ነው የተማረችው።

"ቲቸር፣ ፍየሏ እዚህ ብትመጣስ?"

ቲቸር ወደ እሷ ጎንበስ አለች።

"አንቺ ንገሪኝ። ምን ትሆናለች?"

"እንደሷ" አለች ልጅቷ፣ እኔን እያሳየች። "አትጮህም።"

ሁሉም ሳቀ። ቲቸር አልሳቀችም። "እሷን ገና ሌላ ቦታ አላየናትም" አለች። ሌላ ቦታም ያው ነኝ ማለት ፈለግሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቲቸርን "ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ" አሏት። የማይመለሱት በሌሊት የሚጠሩት ናቸው፤ እሷ በቀን ስለተጠራች ተዛውራ ነው አልን። አንዳችንም ሌላውን አልተናገርነውም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ተረት የለም።

ቀጥሎ ስለ ልጆቹ ትእዛዝ መጣ። በእግሩ የሚሄድ ልጅ ከእናቱ ጋር አይቆይም ተባለ። ሁለቱ ውጭውን የሚያውቁ ናቸው፤ ዘመድ መጥቶ ሲወስዳቸው እየሮጡ ወጡ። ትንሿ ቀረች። አያቷ ከገጠር፣ ከጀልዴሳ መጥታ እንድትወስዳት መልእክት ተላከ።

የዚህች ልጅ ነገር ግን ከባድ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ዘበኛ አዝኖላት ግቢው ውስጥ ትጫወት ብሎ በሩን ከፍቶላት ነበር። ደፉ ላይ ደረሰች፤ ፀሐዩ ሲመታት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ቁጭ አለች። ሊያነሳት ሲሞክር ነከሰችው። ተመልሳ ገብታ እስከ ማታ እህል አልቀመሰችም።

እናትየው ይህንን አልረሳችም። አንድ ቀን አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"ዋላል" አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። "ጎትተው ከወሰዷት እዛም አትበላም። አያቷን አታውቅ፣ ግመል አታውቅ። ትሞትብኛለች።"

"አንቺ ንገሪያት። ያንቺ አገር ነው።"

"ጀመርኩ። እናቴ ቤት ጋ ስደርስ አለቅሳለሁ። እኔ ካለቀስኩ ቦታው ክፉ ነው ትላለች። አንቺ በፍየሏ ንገሪያት።"

"እኔ መናገር አልችልም።"

"ለሷ ብቻ። ጆሮዋ ላይ።"

ጀልዴሳን አይቼው አላውቅም። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለሆነ የማውቀው ሐዲዱንና ሠፈሩን ብቻ ነው። እናትየው ልጅቷ ስትተኛ ቦታውን ትነግረኝ ጀመር። የአያትየው ቤት በር ወዴት እንደሚያይ፣ የእሾኹ አጥር፣ የግመሎቹ የእንጨት ቃጭል፣ ልጆች ከግራር ላይ እየላጡ የሚያኝኩት ሙጫ። ሌሎቹ ሴቶችም ገቡበት። አንዷ ከክፍላችን በር እስከ ግቢው በር ባለው መንገድ ላይ ያለውን የኒም ዛፍ ጥላ ጨመረች። ሌላዋ፣ "ደረቁን ወንዝ ስትሻገር ጋራው ላይ ደመና ካለ አሸዋው ውስጥ እንዳትቆም በያት" አለች። እዚህ ሳይዘንብ ከላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ሰው ይወስዳል።

መጀመሪያ ሳወራላት ልጅቷ ጆሮዋን አፌ ላይ ለጥፋ ነበር የምትሰማኝ።

"አንዲት ፍየል ነበረች።"

"የት?"

"በር ላይ። ከበሩ ውጭ ፀሐይ አለ። ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ግን አትቀመጥም። ከፀሐዩ ቀጥሎ ጥላ አለ።"

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወሰድኳት። አሸዋውን ተሻገረች። የእሾኹን አጥር አገኘች። ጀልዴሳ ደርሳ ስትጠማ ቧንቧ ከፈትኩላት።

"ምን ቧንቧ!" አለች እናትየው ከጀርባችን። "ጀልዴሳ ቧንቧ የት አለና! ጉድጓድ ነው።"

"የባቡር ልጅ አይደለች፣ ነገ ጣቢያም ትሠራለታለች" አለች ሌላዋ። ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ፊቴ ጋለ። ልጅቷ ግን አገጬን ይዛ ወደ ራሷ አዞረችኝ።

"ከጉድጓዱ ማነው የሚቀዳላት?"

"አንዲት አሮጊት። የእናትሽን የመሰለ አፍንጫ ያላት።"

አያትየው የመጣችበት ቀን የዕለቱ ዘበኛ አዲስ ነበር። በሩ ላይ መነጋገር ክልክል ነው። እናትየው ልጇን ሳመቻትና ወደ ግድግዳው ዞረች፤ የጋለው ቆርቆሮ ላይ ግንባሯን አስደገፈች። ልጅቷ ብቻዋን ሄደች። ደፉ ላይ ደረሰች። ፀሐዩ መታት። ፊቷን ሸፈነች፣ ጉልበቷም ሲታጠፍ አየሁት።

"አንሱልኝ ይቺን!" አለ ዘበኛው፣ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላስታውስም።

"ተረት ተረት!"

ድምፄ ቆርቆሮው ላይ ተመትቶ ተመለሰ። የኔ አልመሰለኝም። ልጅቷ እጇን ከፊቷ ሳታነሳ መለሰች።

"የላም በረት።"

"ፍየሏ የት ደረሰች?"

"በር ላይ።"

"ትቀመጣለች?"

ጉልበቷን አቃናች። "አትቀመጥም" አለች።

"ከፀሐዩ ቀጥሎ ምን አለ?"

"ጥላ።"

ዓይኗን እንደጨፈነች ወጣች። በእጇ አየሩን እየዳሰሰች የኒሙ ጥላ ድረስ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ዓይኗን ከፈተች፤ ከጥላው ማዶ ቆማ ትጠብቃት የነበረችውን ሴት ቀና ብላ አየቻት። በሩ ተዘጋ።

ወዲያው ተመልሶ ተከፈተ።

"ማነሽ የጮኽሽው?"

ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። እኔ እንደቆምኩ ነበርኩ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ደግሞ አልጠየቀኝም። ሰምቶኛል።

ግቢው ውስጥ ጠጠር ላይ አንበረከኩኝ። ጥላው ሩቅ አልነበረም። ከግንቡ ውጭ የባቡሩ ጡሩንባ ሲጮህ ሰማሁ፤ አባቴ በዚያ ባቡር ላይ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ስመለስ እናትየው የራሷን የመጠጥ ውሃ ጉልበቴ ላይ አፈሰሰችልኝ። ልጅቷ ትብላ አትብላ ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

ብዙ ቆይቶ አያትየው ስንቅ አመጣች። ዘበኛው ቂጣውን ቆራርሶ ፈትሾት ነበር። ከቂጣው ሥር አንድ ጥፍጥፍ የግራር ሙጫ ተገኘ። ዘበኛው የማይረባ ነገር ብሎ ትቶታል። እናትየው አንስታ ወደ ብርሃኑ አድርጋ አየችው። ጠርዙ ላይ የትንንሽ ጥርሶች ምልክት ነበረበት።

አላለቀሰችም። ቆራርሳ ለሁላችንም አዳረሰችን። ለእኔ የጥርሱ ምልክት ያለበትን ሰጠችኝ። አፌ ውስጥ አላስገባሁትም፤ እስክፈታ ድረስ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬው ነበር።

አሁን እቤት ነኝ። ወንድሜ አልተመለሰም። ሰው ፊት አሁንም አልናገርም፤ ቀፊራ ስወርድ ባለ ሱቁ "ጮክ በይ እንጂ የኔ እህት" ይለኛል። ያቺ ጩኸት ከየት እንደመጣች አንዳንዴ አስባለሁ። ቲቸር ብትኖር የት እንደነበርሽ አስታውሺ ትለኝ ይሆናል።

የጎረቤት ልጆች ደጃችን ጥላ ሥር ሲሰበሰቡ ግን ተረት እነግራቸዋለሁ፣ በዚያው በትንሽ ድምፄ። ለመስማት መጠጋት አለባቸው። አንዲት ፍየል ነበረች እልና ዝም እላለሁ። እስኪጠይቁኝ እጠብቃለሁ።