የአምኃ አንገት

ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሞልቷል፤ ሰላም ሲሉት የሚወድቀው ግን አምኃ ብቻ ነበር።

አምኃ ሲሠራ እግሮቹን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ፣ ፊቱን ወደ ድሩ መልሶ፣ በሩን በስተግራው አድርጎ ነው። በበሩ የሚያልፍ ሁሉ ሰላም ይለዋል። እሱ ደግሞ ፊት ሳያዞሩ ሰላምታ መመለስ ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ነውና፣ መወርወሪያውን ከእጁ ሳይለቅ አንገቱን ጥምዝዝ አድርጎ «እግዚአብሔር ይመስገን!» ይላል። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ምስጋናውን ሳይጨርስ ዓይኑ እየጨለመበት ድሩ ላይ ድፍት ማለት ጀመረ። ለአፍታ ነው፤ ወዲያው ይነቃል።

መውደቁ ራሱ ብዙም አላስፈራውም፤ ያስፈራው ተከትሎ የሚመጣው ነበር። ታላቅ ወንድሙ ኢሳይያስም ሸማኔ ነበር፤ ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ከቤት አይወጣም። አምኃ በነቃ ቁጥር ቀድሞ የሚያደርገው ጣቶቹን አንድ በአንድ ማንቀሳቀስ ነበር። ተራው የእሱ እንደሆነ በልቡ ቆርጧል። ከጉድጓዱ ከወጣ ደግሞ ምን ሊሠራ ነው? ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ሙያ አያውቅም።

ሚስቱ ሰርኬ ግን ምክንያቱን በራሷ መንገድ ደርሳበታለች። ጠዋት ጠዋት በዚያ በር የምታልፈው፣ ድምጿም ከሁሉ የሚጎላው ክር ነጋዴዋ ደሳለች ናት። አምኃ ሁለቴ ሲወድቅ ሰላም ያለችው እሷ ነበረች፤ ለሰርኬ ሁለቴ ይበቃል። «ዓይኗ ነው» አለች፣ አለቀ። ሰላምታ ነሳቻት፤ ጎረቤቱም ተከተላት። ደሳለች በበሩ ስታልፍ አንገቷን ደፍታ መሄድ ጀመረች። እሷ ዝም ካለች በኋላም መውደቁ እንዳልቆመ ሰርኬ ልብ አላለችም፤ ወይም ልትል አልፈለገችም።

አምኃ ነገሩ አልተዋጠለትም። እሱ ራሱ «የሸማኔ ልጅ፣ ዓይኑ አያድርስ ነው» እየተባለ ያደገ ሰው ነው፤ ስድቡ እንዴት እንደሚያም ያውቀዋል። ግን ተዳክሟል፤ ከሰርኬ ጋር መሟገት ደግሞ የጤነኛ ሰው ሥራ ነው።

ሰርኬ ባሏን ትወዳለች፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። የእንጦጦ ብርድ ጉሮሮውን እንዳያገኘው ብላ ገና በክረምቱ መግቢያ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አንገቱ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማ ትቋጥርለት ጀመር። መውደቁ ሲበረታ ደግሞ «ዓይን የያዘው ሰው ብርድ አይችልም» ብላ ቋጠሮውን አጠበቀችው። በወደቀ ቁጥር ታጠብቀዋለች።

በመጨረሻ ልጃቸው አይዳ ሁለቱንም እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ወጣቷ ዶክተር ሰምሀል ልቡን በመሣሪያ አየች፣ ደሙን አስመረመረች፣ እጆቹን አስገፋችው። ሁሉም ደህና ነው። ሸሚዙን ለብሶ ሲቀመጥ ሰርኬ ቶሎ ብላ ነጠላውን ቋጠረችለት።

«አባባ፣ የሚወድቁት ምን ሲያደርጉ ነው?» አለች ዶክተሯ።

«ሰው ሰላም ሲለው ነው» አለች ሰርኬ በግራው ቆማ። «እንዲያውም አንዲት ሴትዮ አለች፣ ዓይኗ...»

አምኃ «ተይ!» ሊላት ዞረ። ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ወንበሩ ላይ ዝልፍልፍ አለ።

ዶክተሯ ደግፋ አስተኛችው። ቋጠሮውን ልትፈታ ብትል ጣቷ በጨርቁና በአንገቱ መካከል አልገባ አላት። በስንት ትግል ፈታችው፤ አምኃም ነቃ።

«ማነው እንዲህ ያሰረዎት?»

«እኔ ነኝ» አለች ሰርኬ፣ በኩራት።

ዶክተሯ የአምኃን ጣት ይዛ አንገቱ ላይ አሳረፈችለት። «ይመታል አይደል? በግራና በቀኝ ያሉት እነዚህ የደም ስሮች ናቸው ለአንጎል ደም የሚያደርሱት። እዚሁ ጋ የደሙን ግፊት የሚጠብቅ ቦታ አለ። ከውጭ ሲጫኑት ግፊቱ የበዛ ይመስለውና ልብን ቀስ በይ ይላታል። እሷ ስትዘገይ ደም ለአንጎል ያንሰዋል፤ ያኔ ይወድቃሉ። እርስዎ ደግሞ በታሰረ አንገት ይዞራሉ።»

«ስትሮክ አይደለም?»

«አይደለም።»

«እጄስ?»

«እጅዎ ደህና ነው አባባ፤ ይሥሩበት። አንገትዎ ላይ ምንም አይጠምጥሙ፣ ሲዞሩም ቀስ ብለው ይዙሩ። እንደገና ከወደቁ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።»

አምኃ ሁለት እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አያቸውና አለቀሰ። ለወራት ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሳለት። ወደ ቤት ሲመለሱ ሰርኬን «ከብርዱስ አድነሽኛል» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ፤ አልሳቀችም።

በማግስቱ አምኃ አንገቱን ገልጦ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ደሳለች ክሯን ተሸክማ፣ እንደለመደችው አንገቷን ደፍታ ልታልፍ ስትል «ደሳለች!» የሚል ድምፅ አስቆማት። የጠራቻት ሰርኬ ናት።

«ሰላም በይው» አለቻት።

«እኔ? ኧረ በማርያም ሰርኬ፣ ተይኝ!»

«በይው። አንገቱን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

ደሳለች ያ ጎላ ያለ ድምጿ የት እንደገባ እንጃ፣ «እንዴት አደሩ ጋሽ አምኃ?» አለች በሹክሹክታ።

አምኃ ቀስ ብሎ አንገቱን አዞረ። ሰርኬ ከኋላው ሁለት እጆቿን ዘርግታ ለመያዝ ተዘጋጅታለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን! እንዴት አደርሽ ደሳለች?» አለ፣ እስከ መጨረሻው።

ሰርኬ እጆቿን አልሰበሰበችም። እንደተዘረጉ በባሏ አጠገብ አልፋ ሄደችና ደሳለችን አቀፈቻት።