ዲሪዬ አንቱታ ሊማር ባሕር ተሻገረ

ድሬዳዋ ላይ አንቱታ የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌውም አንተ ነው፣ ዳኛውም አንተ ነው። የባቡር ጣቢያውን ሹም እንኳ «አቦ አንተ፣ የጅቡቲው መቼ ነው የሚገባው?» ስንለው አይቀየምም። ነገር የሚበላሸው ደገኛ ሲመጣ ብቻ ነው። እኔም የድሬ ልጅ ስለሆንኩ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ አምባሳደሩን «እሱ» እያልኩ ነው የምሄደው። ቅር የሚለው ካለ ከወዲሁ ማንበቡን ያቁም።

ዲሪዬ የቀፊራ ገበያዋ ቅመም ሻጭ የዓምራን አንድ ልጅ ነው። ሱማልኛውን ከእናቱ፣ ኦሮምኛውን ከገበያ፣ ዐረብኛውን ከመድረሳ፣ አማርኛውን ደግሞ ከእኔና ከመሰሎቼ መንገድ ላይ ነው ያገኘው። በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ከአዲስ አበባ አንድ ሰውዬ መጥቶ ዐረብኛ የሚያውቅ ወጣት ሲፈልግ ዲሪዬን አገኘ። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ባለ አንድ የዐረብ ወደብ፣ ስሙን ልተወው፣ በኤምባሲያችን አንድ ዓመት ይለማመዳል፤ ከወደዱት ቋሚ ይሆናል፣ ካልወደዱት ይመለሳል። የሥራው ስም «ተለማማጅ» ነው። ዓምራን ይህን ቃል ስለማታውቀው «አምባሳደር» ብላ ተረጎመችው። በማግስቱ ቀፊራ በሙሉ ይህን ትርጉም ተቀብሎ ዋለ።

እኔ መጋላ ሠፈር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የጉዞውን ሙሉ ልብስ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። የኤምባሲው ሰዎች ጥቁር ሱፍ ይሁን ብለው ስላዘዙት በድሬ ሙቀት ጥቁር ሱፍ ለብሶ ለገሀሬ ባቡር ጣቢያ ወረደ። ግማሹ ቀፊራ ተከትሎታል። ዓምራን በባቡሩ መስኮት እጁን ይዛ አልለቅም አለች።

«ዋርያ ዲሪዬ፣ የሚሉህን ሁሉ እሺ በል፣ ሰማህ? ቋሚ ሳትሆን እንዳትመጣብኝ። ወላሂ ፊቴን የት አደርገዋለሁ!»

ዲሪዬም እሺ አለ። ሲያዩት ከአሁኑ የተሾመ ይመስል ነበር። ግን ባዶውን ቢመለስ ይህ ሁሉ ሸኚ ዕድሜ ልኩን «አምባሳደሩ» እያለ እንደሚስቅበት ያውቃል። ሠፈራችን ምሕረት የለውም፣ እኔም ከሳቂዎቹ የመጀመሪያው እንደምሆን ያውቃል።

ኤምባሲው ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ሰጠው። ደገኞቹ የኤምባሲ ሰዎች ከቬንትሌተር ሥር ተኮልኩለው ሲያቃስቱ ዲሪዬ በሙቀቱ ውስጥ እንደ ቤቱ ነበር የሚኖረው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እንደ ማንኛውም የድሬ ሰው ሽርጡን አገልድሞ በሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ የኤምባሲው አንደኛ ጸሐፊ አገኘውና «ምን ሆነሃል፣ ታመሃል እንዴ?» አለው። ከዚያ በኋላ በገዛ ክፍሉ ውስጥም ሱሪ እንዲለብስ ታዘዘ። ሥራውስ? የአምባሳደሩን ቦርሳ መያዝ፣ የመኪናውን በር መክፈት፣ ሚስቱ ገበያ ስትወጣ ከዐረብ ጋር ዋጋ መከራከር። ዲፕሎማሲ ይህ ከሆነ ዓምራን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዲፕሎማት ነበረች።

ይህን ሁሉ የነገረኝ የኤምባሲው ሾፌር ተማም ነው፤ የሐረር ልጅ ሲሆን በየጊዜው ለዕረፍት ሲመጣ ሱቄ ጎራ ይላል።

ተማም እንደሚለው የዲሪዬ ነገር የተበላሸው በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ነው። አምባሳደሩ ከመኪና ሲወርድ ልጁ በሩን ከፍቶ ከልቡ ፈገግ እያለ «እንዴት አደርክ? አንተ ነህ አምባሳደሩ?» አለው። አንደኛ ጸሐፊው የያዘው ፋይል ከእጁ ወደቀ። አምባሳደሩ ከአውሮፓ ተዛውሮ የመጣ፣ በፈረንሳይኛ የሚቆጣ ሰው ነው። ዐረብኛ አንዲት ቃል አያውቅም፣ ማወቁም ውርደት ይመስለዋል። በዚያን ቀን ግን የተቆጣው በአማርኛ ነው።

ከዚያ አንደኛ ጸሐፊው ልጁን ያስተምረው ጀመር። በር አንኳኩቶ መግባት፣ እጅ መንሳት፣ «ክቡር ሆይ፣ እርስዎ» ማለት፣ ፊትን ሳያዞሩ ወደ ኋላ መውጣት። ዲሪዬ እጅ መንሳቱን ወዲያው ለመደው፤ ምላሱ ግን እምቢ አለ። «ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ምሳ በላህ?» ይላል። «ይቀመጡ» ብሎ ጀምሮ «ቁጭ በል» ብሎ ይጨርሳል። በመጨረሻ አምባሳደሩ ጠርቶ አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ አንተ ቢለው በሚቀጥለው መርከብ እንደሚጭነው ነገረው። ልጁ ከዚያ ወዲህ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ «ክቡር ሆይ» ብሎ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ይቀራል።

እንዲህ እያለ ሳለ የከተማዋ የወደብ ሹም ኤምባሲውን ሊጎበኝ መጣ። ዲሪዬ አስተርጓሚ ሆኖ መካከላቸው ቆመ። የወደቡ ሹም ደግ ሽማግሌ ነው፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አምባሳደሩን ዐይን ዐይኑን እያየ በዐረብኛ «አንተ አኹና! አንተ ጃሩና!» አለው። ወንድማችን ነህ፣ ጎረቤታችን ነህ ማለቱ ነው። መቼም ዐረብ «አንተ» ሲል አንተ ማለቱ ነው፤ ለንጉሥም ለአህያ ነጂም እኩል ይለዋል። አምባሳደሩ ግን ከንግግሩ ሁሉ የሰማት አንዲት ቃል ይህችው ናት። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ምን አለኝ? አንተ ነው ያለኝ?»

ዲሪዬ መርከቡ ታየው። መርከቡ ብቻ አይደለም፣ ለገሀሬና የሸኙት ሰዎች ጥርስ ጭምር ታየው። እንግዳው ተዋርዶ ቢወጣ ጥፋቱ በማን ላይ እንደሚደፈደፍ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

«ክቡር ሆይ፣» አለ አጎንብሶ፣ «በዐረብኛ ‹አንተ› የማዕረግ ስም ነው። ‹ባለ ግርማ› እንደማለት ነው። ለትልልቅ ሰው ብቻ ነው የሚባለው።»

አምባሳደሩ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተደላደለ። «ደጋግሞ ብሎኛል እኮ» አለ። ቀጥሎም «ታዲያ ያኔ ‹አንተ› ስትለኝ የነበረው...»

«ከዐረብኛው እያመለጠኝ ነው፣ ክቡር ሆይ።»

በቃ፣ ምሕረት ወረደ። በዲሪዬ ትርጉም ከሄድን አምባሳደሩ ልጁን ራሱን ቀኑን ሙሉ ባለ ግርማ ሲለው ነበር የሚውለው፤ ይህ ግን ለማንም አልታየውም። ይባስ ብሎ ዐረቦች ባሉበት ግብዣ ሁሉ የኤምባሲው ሰው «አንተ» ብሎ እንዲጠራው አዘዘ። ያን ጊዜ ምላሱ የተሳሰረው አንደኛ ጸሐፊው ነው። «አንተ» ሊል አፉን ይከፍታል፣ ያልበዋል፣ ያስነጥሰዋል። ዲሪዬ ግን እንደ ድሬ ልጅነቱ ዘና ብሎ ይለዋል፤ አምባሳደሩም ጓዳ ድረስ እየጠራ ያመሰግነዋል።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል ተለማማጆችን ቋሚ ለማድረግ ሥልጣን ያለው ከፍተኛ ሹም ከአዲስ አበባ መጣ። ግብዣ ተደረገ፤ ተማም ሾፌር መሆኑ ቀርቶ ትሪ ተሸከመ። አምባሳደሩ ብርጭቆውን አንሥቶ፣ የከተማዋ ትልልቅ ሰዎች እየሰሙት፣ ያንን ሹም ፊት ለፊት እያየ «አንተ!» አለው፤ ዐረብኛ መልመዱን ማሳየቱ ነው። ሹሙ ከኋላው ሌላ ሰው ቆሞ እንደሆነ ዞር ብሎ አየ።

«እኔን ነው?»

አምባሳደሩ ተጣድፎ የማዕረጉን ነገር አስረዳና ጣቱን ዲሪዬ ላይ ቀሰረ። ሹሙ ግን ተጠራጣሪ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠውን የወደብ ሹም እያመለከተ «እስቲ ጠይቅልኝ፤ እውነት በቋንቋችሁ ‹አንተ› ለትልቅ ሰው ብቻ የሚባል ክብር ነው ወይ በለው» አለ። የሚጠይቀው ማን ነው? ዲሪዬ። የሚተረጉመው ማን ነው? ያው ዲሪዬ።

ዲሪዬ ወደ ሽማግሌው ዞሮ በጠራ ዐረብኛ «እንግዳችን ወደብህን ሊያየው ጓጉቷል፤ ነገ ታስጎበኘዋለህ ወይ?» አለው።

«ነዓም! ነዓም!»፣ አዎን አዎን፣ አለ ሽማግሌው፤ ብድግ ብሎ እጁን አናቱ ላይ ጫነ፣ ከዚያ ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ሹሙ ሳይወድ በግድ ፈገግ አለ፤ ወዲያው «አንተ» መባሉ ደስ አሰኘው። ተማም ከነትሪው ጓዳ ገብቶ እስኪያለቅስ ሳቀ። ዐረብኛ ያውቃል፣ ግን ሾፌርን ማን ይጠይቃል? በዚያው ምሽት ዲሪዬ ቋሚ ሆነ።

ወሬው ሲደርሰን ዓምራን ለቀፊራ ሁሉ ከረሜላ በተነች። «ለዒድ ይመጣል» አለች። ሱቄ መጥታም ሸሚዝ አሰፋችለት።

ለዒድ አልመጣም። እንዴት ይምጣ? አንድ ሌላ አስተርጓሚ ለአንዲት ቀን ቢተካው ያቺ «ባለ ግርማ» ትጋለጣለች፤ እሷ ከተጋለጠች አምባሳደሩን፣ ሹሙን፣ ሁሉንም መሳቂያ ያደረገው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ፈቃድ ሲጠይቅ አምባሳደሩ «አንተ ከሌለህ ማን ይተረጉማል?» ይለዋል፤ ልጁም ውስጡ እፎይ ይላል። አንድ ጊዜ ዐረብኛ የሚያውቅ ሌላ ተለማማጅ ተላከለት፤ ዲሪዬ «ዐረብኛው ደካማ ነው» ብሎ ዕቃ ቤት አስመደበው። አምባሳደር ሲቀየርም «አንተ» ከመኪናውና ከወንበሩ ጋር አብራ ለተተኪው ትተላለፋለች፤ ዲሪዬም አብሯት። ማዕረጉ አደገ፣ አንቱታውም ምላሱ ላይ ጠና። ተማም እንደነገረኝ በኋላማ ዲሪዬ እሱን ራሱንም «እርስዎ» ይለው ጀመር፤ አብረው ጫት የቃሙትን ሰው!

ዓምራን ግን በየዒዱ ሸሚዝ ማሰፋቷን አልተወችም። «ዘንድሮ ሰፋ አድርገው፣ ወፍሯል» ትለኛለች። ማን ነገራት? ማንም። ቋሚ ሆኖ የሚከሳ ሰው አይታ ስለማታውቅ ነው። እኔ በሰው ሁሉ የምስቅ ሰው ነኝ፣ እሷ ፊት ግን መቀሴን ይዤ መሬት መሬት አያለሁ። በዲሪዬ እናደዳለሁ። አሁንም እናደዳለሁ።

በአረፋ ማግስት ዓምራን ሞተች፤ በዚያው ዕለት ቀበርናት። ከመቃብር ስንመለስ ከባቡር ጣቢያው ለዲሪዬ ቴሌግራም ላክሁ፤ «እናትህ ሞተች፣ ና» የሚል ብቻ። መልሱ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤቱ ድረስ መጣ። ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። አማርኛ የማነበው እኔ ስለሆንኩ ሰጡኝ፤ የዓምራን ታናሽ እህት ሸምሶ «ጮክ ብለህ አንብበው» አለችኝ። አነበብኩላቸው።

«በክብርት ወይዘሮ ዓምራን ድንገተኛ ዕረፍት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽን፣ ለክቡራን ቤተሰቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን።»

በሱማልኛም በኦሮምኛም እንደምንም አድርጌ ተረጎምኩት። ከሥር የዲሪዬ ስምና ማዕረግ ነበር። እዚያ ከመድረሴ በፊት ሸምሶ በነጠላዋ ዐይኗን ጠርጋ ቀና አለች።

«አላህ ይስጣቸው፣ ይሄ ከመንግሥት ነው» አለች። «የልጇስ መቼ ይደርሳል?»

ስሙን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ «ነገ» አልኳት።