የአባባ የውሃ ተራ

ዛሬ የመስኖ ተራችን ነው። ግራና መንደር ካለው ማሳችን ስደርስ ግን፣ እንደ ሁልጊዜው ሰው ቀድሞኝ ውሃውን ለቆበታል። የራሰው አፈር ሽታ አያቴን፣ አባባን፣ አመጣብኝ።

ያኔ ልጅ ነበርኩ። ጦርነቱ ሲቃረብ ጎረቤቱ ሁሉ ሸሸ። እኛም ልንወጣ ስንል፣ አባባን የሸሸ ጎረቤት ሽንኩርት ሲያጠጡ አገኘናቸው።

«አባባ፣ ተኩሱ አይሰማዎትም?» አለች እናቴ።

«ይሰማኛል። ግን ዛሬ ተራው የሱ ነው። ሰው ቢሸሽ ሽንኩርቱ አብሮ ይሸሻል? እናንተ ሂዱ፣ አላህ ያገናኘን።»

ከሳምንት በኋላ ስንመለስ የጎረቤቶቻችን ሽንኩርት ለምልሟል። የእኛ ብቻ ደርቋል። አባባ የራሳቸው ተራ ሳይደርስ በከባድ መሣሪያ ተመትተው ሞተዋል።

ይኸው ዛሬ የአባባን አካፋ ይዤ ቆሜያለሁ። «ውሃውን ማን ለቀቀልን?» ብዬ ብጠይቅ፣ ጎረቤቶቻችን አቀርቅረው ሽንኩርታቸውን ያርማሉ።