ግማሽ ካፕሱል

ሰቢሪና በባሌ ሮቤ፣ ገበያ ዳር ባለው የአቶ ተሰማ መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ናት። እጇ መደርደሪያ ላይ ሲሄድ ዓይኗ የሚቀጥለውን ሰው ማዘዣ ያነባል። ከባንኮኒው ጀርባ ወንበር ነበራት፤ ተቀምጣበት ያያት ሰው ግን የለም። እናቷ ወይዘሮ ሽቶ «ይቺ ልጅ ስትወለድም በእግሯ ነው የመጣችው» ይላሉ።

ነገሩ የተጀመረው የሐምሌ ዝናብ ሮቤን ጭቃ ባደረጋት ሰሞን ነው። ኦቦ ጀሊል የሚባሉ የጎሮ ገበሬ ከፈረስ ወድቀው የትከሻ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበርና፣ ክንዳቸውን በነጭ ጨርቅ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ። ከሳምንት በፊት ከዚያው መድኃኒት ቤት ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ወስደው ነበር።

«አልሻለኝም» አሉ። «ሲጠዘጥዘኝ ያድራል።»

«በቀን ስንት ይወስዳሉ?»

«ግማሽ ግማሽ።»

«የምን ግማሽ?»

ጀሊል ከኮታቸው ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ባንኮኒው ላይ ዘረጉ። አረንጓዴና ቢጫዋ ካፕሱል ለሁለት ተከፍታ፣ ነጩ ዱቄት እኩሌታው ቀርቷል።

«ሙሉዋን ስወስድ ያሰክረኛል። መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም፤ የሰከረ ሰው ግን አይቻለሁ። ልክ እንደዚያ ነው የምሆነው። እኔን ግማሿ ናት የምትበቃኝ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።»

ከኋላቸው ሰባት ሰው ተሰልፏል። አንዲት ሴት የሚያለቅስ ሕፃን አዝላ ትወዘወዛለች። ሰቢሪና ፈገግ ለማለት እንኳ ጊዜ አልነበራትም።

«ኦቦ ጀሊል፣ ካፕሱል አይከፈትም። ልኩን የሚያውቀው ያዘዘልዎት ሐኪም ነው። ሙሉዋን፣ በቀን ሦስቴ። ያኔ ይሻልዎታል።» አሥር ካፕሱል ሰጠቻቸው።

«እንዲያ ካልሽ እሺ» አሉ። የተማረ ሰው የሚለውን የሚያከብሩ ሰው ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ሻፊ ዝናብ ያበሰበሰውን ጃኬቱን እንደለበሰ ገባና የመድኃኒቱን ፓኬት ባንኮኒው ላይ ወረወረው።

«አባቴን ልትገድዪው ነበር!»

ሰልፉ ወደ እሱ ዞረ። ሻፊ የሆነውን ተናገረ። አባቱ ትናንት ከቀትር በኋላ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ፤ ቢጠሯቸው አይሰሙም፣ ቢነቀንቋቸው አይነቁም። አንዱን ትንፋሽ አውጥተው ሌላውን እስኪስቡ ሰው ያልቅ ነበር። ከንፈራቸው ጠቆረ። በአይሱዙ ጭነው ሐኪም ቤት አደረሷቸው፤ በኦክስጅን ነው የተረፉት።

ሰው ሁሉ ሰቢሪናን ያያታል፤ አቶ ተሰማም ከውስጥ ወጥተው ቆመዋል። ከአፏ የወጣው ቃል ቶሎ የተገኘው ቃል ነበር።

«አባትህ ደራርበው ወስደው ይሆናል። በዕድሜ ይረሳል፤ ያጋጥማል።»

ሻፊ አያት፣ አያትና ቁጣው ወደ ኀፍረት ተለወጠ። አንድ ሁለት ሰዎችም «እውነት ነው፣ ሽማግሌ ነዋ» አሉ። ፓኬቱን እዚያው ትቶ ወጣ።

ሰልፉ ካለቀ በኋላ ሰቢሪና ፓኬቱን አንስታ ቆጠረች። ከአሥሩ አምስት ቀርተዋል። በመጀመሪያው ቀን ሦስት፣ በሁለተኛው ሁለት፤ ልክ እሷ እንዳዘዘችው። አንድም አላዛነፉም። ደግማ ቆጠረች፤ አምስት ነው። ሻፊን ሮጣ ልትደርስበት በሩ ድረስ ሄደች፤ ገበያው ውጦታል። ተመለሰችና ፓኬቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲህ ባንኮኒው ጠበባት። ማዘዣ ስታነብ «በቀን ሦስቴ» የሚለው ቃል ላይ ዓይኗ ይቆማል። ለማን ነው በቀን ሦስቴ? ለዚህ ቀጭን ወጣት ነው ወይስ ለዚያች ወፍራም ሴትዮ? አቶ ተሰማን ስትጠይቃቸው «መጽሐፉ ያለውን ነው የምንሰጠው፤ ሌላ ምን እናድርግ?» አሏት። አላረካትም። በስልኳ ስታስስ፣ ስትጠይቅ፣ ስታመለክት ከርማ፣ በዓመቱ አንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን ለሚሰጠው የማስተርስ ትምህርት ነፃ ዕድል ሰጣት። ትምህርቱ ፐርሰናላይዝድ ሜዲስን ይባላል፤ ሕክምናን ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ተፈጥሮው መወሰን ማለት ነው።

አቶ ተሰማ ሳቁ። «ሰቢሪና፣ የጅምላውን መድኃኒት እንኳ ፈልገን እናጣለን። አንቺ ደግሞ በልክ የተሰፋ ልታመጪልን ነው?» እንዲህ ይበሉ እንጂ፣ ከመጋዘኑ ካርቶኖች መሃል ጠረጴዛ ያስገቡላት እሳቸው ናቸው። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ባለባት ቀን ባንኮኒውን ይይዙላታል።

ወይዘሮ ሽቶ ግን ነገሩ አልዋጥ አላቸው። «ትምህርት ቤት የለው፣ አስተማሪ የለው፣ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?»

«አስተማሪ አለው፣ አዮ። ይቺውና» ብላ ስክሪኑን ለእናቷ ስታሳይ፣ ኔትዎርኩ ተቆርጦ ፈረንጇ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች።

ኔትዎርኩ እንዲህ ነበር። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን፣ ኮምፒውተሩ ሲሞት ስልኩን ይዛ ትሮጣለች። አንድ ጊዜ ፈተና መሃል ተቋርጦባት፣ በባጃጅ ሲግናል ወደሚሻልበት ሆቴል በርራ፣ ደረጃው ላይ ቆማ ጨረሰችው። የክፍል ጓደኞቿ በዘረመል መመርመሪያ መሣሪያ ስለተሞሉ ሆስፒታሎቻቸው ሲያወሩ፣ ማይክሮፎኗን አጥፍታ ታዳምጣለች። እዚህ ምን ልትሠራበት ነው? ልታቆመው ስንት ጊዜ አሰበች። ብታቆመውም ደግሞ ዕረፍት እንደማታገኝ ታውቃለች።

በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ፣ አስተማሪዋ ጉበት ውስጥ ስላለ አንድ ኢንዛይም ማስረዳት ጀመረች። ትራማዶልና ኮዴይን የሚባለው ሌላ ማስታገሻ ሰውነት ውስጥ ሲገቡ ወደ ጠንካራ መልካቸው የሚለውጣቸው እሱ ነው። አብዛኛው ሰው ኢንዛይሙን የሚያዘው ዘረመል ሁለት ቅጂ አለው፤ ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ። አንዳንዱ ግን ሦስትና ከዚያ በላይ ይዞ ይወለዳል። የዚህ ሰው ጉበት መድኃኒቱን በጥድፊያ ስለሚለውጠው፣ አንዷ ፍሬ ብዙ እንደወሰደ ታደርገዋለች። ያሰክረዋል፤ ትንፋሹንም ልታዘገየው ትችላለች።

ከዚያ ካርታ መጣ። እንዲህ ያለ ሰው ጥቂት የሆነበት አገር ፈዛዛ ነው፤ የበዛበት ጠቁሯል። ከጠቆሩት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

«ኢትዮጵያ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከመቶው ወደ ሠላሳ የሚጠጋ ሰው እንዲህ ሆኖ ተገኝቷል» አለች አስተማሪዋ፣ ሌላውን አገር በጠራችበት ድምፅ።

ሰቢሪና ብድግ አለች። ትምህርቱ ሳያልቅ ኮምፒውተሩን ትታ ወጣች፤ በአቶ ተሰማ አጠገብ አልፋ፣ ገዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ተጓዘች። ግራና ቀኙ ስንዴ ነው፤ ኮምባይነሮች አቧራ ያስነሳሉ። ጀሊል «እኔን ግማሿ ናት የምትበቃኝ» ብለዋት ነበር። አፍ አውጥተው፣ ዱቄቱን ባንኮኒው ላይ ዘርግተው ነግረዋት ነበር። እሷ ደግሞ መጀመሪያ አላዋቂ፣ ቀጥላ ዝንጉ አደረገቻቸው።

ሳምንቱን ሙሉ መብላትም መተኛትም እምቢ አላት። በመጨረሻ ለእናቷ ነገረቻቸው።

«ሁለት ዓመት ያለፈውን ነገር ምን ትቀሰቅሻለሽ? ሰውዬው ረስቶታል» አሉ ወይዘሮ ሽቶ።

«እኔ አልረሳሁትም፣ አዮ።»

በጎሮ ገበያ ቀን በሚኒባስ ሄደች። ሻፊን ከብት ተራ አገኘችው፤ የቀይ በሬ ገመድ ይዞ ከነጋዴ ጋር ይከራከራል። ሲያያት ፊቱን አዞረ።

«አባትህ አሉ?»

«ከሞት ተርፎ አለ።»

«ሻፊ፣ ያኔ ደራርበው ወስደዋል ያልኩህ ሐሰት ነበር። ፓኬቱን ትተኸው ሄድክ፤ ቆጠርኩት። ያልኳቸውን ነው የወሰዱት። አልረሱም።»

በሬው ገመዱን ቢጎትተው እንኳ ለሻፊ አልተሰማውም። ነጋዴው ተሰላችቶ ወደ ሌላ በሬ ሄደ።

«በሬ ይሸጥ የነበረው አባቴ ነው» አለ። «አንቺ እንዲያ ካልሽኝ ወዲህ ብቻውን ገበያ ልከነው አናውቅም። ገንዘብ ይጥላል ብለን፣ ዋጋ ይረሳል ብለን። አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር ‹አባ ተሳስተሃል› እንለዋለን።» ገመዱን በእጁ ጠመጠመው። «ነይ፣ ለራሱ ንገሪው።»

ጀሊል ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከስተዋል።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጀሊል?»

«አልሐምዱሊላህ። የማን ልጅ ነሽ?»

ማን እንደሆነች ነገረቻቸው። ከዚያ ቆማ፣ ሳትቀመጥ፣ ሁሉንም ተናገረች፤ ሰልፉን፣ የቀሩትን አምስት ካፕሱሎች፣ የጉበቱን ነገር፣ ካርታውን። «እርስዎ ልክ ነበሩ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አውፍ ይበሉኝ» ብላ ጎንበስ አለች።

ሽማግሌው እሷን ሳይሆን ልጃቸውን ተመለከቱ።

«ሰማህ፣ ሻፊ?»

«ሰማሁ፣ አባ።»

«አልረሳሁም ያልኩህ ስንት ጊዜ ነበር?»

ከዚያ ጀሊል ወደ እሷ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አላህ አውፍ ይበልሽ፤ እኔ ብዬሻለሁ» አሏት። «አሁን ተቀመጪ፤ የቆመ እንግዳ ያስጨንቀኛል።»

የገብስ ጩኮ በቅቤ ቀረበላት። እየበላች ስለ ጤናቸው ስትጠይቃቸው፣ ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ መድኃኒት ሁሉ እንደተዉ ሰማች፤ ለዓመታት ሲወስዱት የነበረውን የደም ግፊቱንም ጭምር። ጩኮው አፏ ውስጥ ቀረ። የግፊት መለኪያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ለካቻቸው። መቶ ዘጠና በመቶ አሥር ነው።

«ይህ የግፊቱ መድኃኒት ከዚያኛው የተለየ ነው» አለቻቸው። «ነገ ከሻፊ ጋር ጤና ጣቢያ ሄደው እንደገና ያስጀምሩዎት። ደስ የማይል ነገር ከተሰማዎት ለእነሱም ለእኔም ይንገሩ። የሚሉትን እንዳሉት እጽፈዋለሁ።»

«ትጽፊዋለሽ?»

«ወላሂ።»

ሊሸኟት ሲነሱ ጀሊል አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ጊኒር ያለችው እህታቸው ጁሀራ፣ ከብዙ ዓመት በፊት የሳል ሽሮፕ ጠጥታ እንዲሁ ራሷን ስታ ነበር። ሰቢሪና እግሯ ቆመ። ወንድምና እህት፤ የሳል ሽሮፕ ውስጥ ደግሞ ያኔ ኮዴይን ይገባ ነበር።

ታሪኩን በጀሊል ፈቃድ፣ ስማቸውን ሳትጠራ በክፍሏ ፊት አቀረበች። ያን ቀን ኔትዎርኩ እንደ ተአምር አልተቆረጠም። ጓደኞቿ ጥያቄ ሲያዘንቡባት ማይክሮፎኗን አላጠፋችም። የአስተማሪዋ አስተያየት ግን ቀዝቃዛ ነበር። ዕድሜያቸው ሊሆን ይችላል፣ የኩላሊታቸው መድከም ሊሆን ይችላል፤ የዘረመል ምርመራ ከሌለ ይህ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ሰቢሪና ተናደደች፤ ቤቷ ደርሳ ስታስበው ግን ሴትዮዋ ትክክል ናት። ሁለተኛ ጊዜ በጥድፊያ መፍረድ አልፈለገችም።

ስለዚህ ጉዳዩን የመመረቂያ ጽሑፏ አደረገችው። በሰው ላይ ምርምር ለማድረግ የሥነ ምግባር ፈቃድ የጠየቀችበት ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ተመልሶ በሦስተኛው አለፈ፤ አዲስ አበባ ያለ አንድ ላቦራቶሪም ናሙናዎቹን ሊመረምርላት ተስማማ። የሚያስፈልገው ምራቅ ነው። ጀሊልን እያፈረች ስትጠይቃቸው ሳቁ።

«ሽማግሌ ሲመርቅ እንትፍ ይል የለም? ለምርቃት የማልሰስተውን ለምርመራ ልሰስት?» ትንሿን ብልቃጥ ተቀበሏት። ያን ቀን በሬያቸውን ራሳቸው ሸጠው መመለሳቸው ነበር፤ ግፊታቸውም ወርዷል። ጊኒር ድረስ ሄዳ የጁሀራንም ወሰደች።

አሁን ባንኮኒው ላይ ደብተር አለ። መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት «ከዚህ በፊት ያልተስማማዎት ነበር?» ብላ ትጠይቃለች፤ ሰልፉ ቢያጉረመርምም ትጽፋለች። አቶ ተሰማ መጀመሪያ ደንበኛ ይሸሻል ብለው ፈሩ፤ በኋላ እሷ በሌለችበት እሳቸውም መጠየቅና መጻፍ ጀመሩ።

ውጤቱ በስድስተኛው ወር በኢሜይል መጣ። ቆማ ነው የከፈተችው። ጀሊል የዘረመሉ ሦስት ቅጂ አላቸው፤ ግማሿ ልካቸው መሆኗን የሚደግፍ ማስረጃ ተገኘ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ንባቧን ወደ ታች ቀጠለች፤ የጁሀራ ሁለት ነው። እንደ አብዛኛው ሰው።

እንደገና አነበበችው፤ ያው ነው። ታዲያ ጁሀራን የጣላት ምንድን ነው? ሽሮፑ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር? ጉዳዩ ከሌላ ዘረመል ነው? ወይስ አብራ የወሰደችው መድኃኒት ነበር፣ ማንም ያልጠየቃት?

ለጀሊል ደውላ ነገረቻቸው። ስለ ራሳቸው ሲሰሙ «ማሻአላህ» አሉ፤ ስለ እህታቸው ሲሰሙ ግን ቅር አላቸው።

«እና እሷ ዋሸች ልትዪ ነው?»

«የለም፣ ኦቦ ጀሊል። እኔ ገና አላወቅኩትም ማለት ነው።»

«በይ እንግዲያው ሂጂና ጠይቂያት። ጁሀራ የሆነችውን አትረሳም።»

ሰቢሪና የሐሙሱን የጊኒር መኪና ለመያዝ ሹፌሩ ጋ ደወለች።