ጉርሙ ለክፋት የሰጠው ምሳሌ

መምህር ጉርሙ የጎጆ ከተማ ሰው ነው። አዲስ አበባ ግሪክኛ ተምሮ ደንዲ ውስጥ ሲያስተምር፣ የወንጌላውያን ጸሎት ቤታቸው በደርግ ቢዘጋ ምእመናኑን ቤቱ ሰብስቦ ተያዘ። የጠቆመበት ጎረቤቱ ዳዲ ነው፣ የቀበሌው ሊቀመንበር። በ1971 አምቦ ላይ አንድ ክፍል ታስረን ተዋወቅን። እኔ በምን እንደታሰርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፤ «ጴንጤው» እያልኩ አበሽቀው ነበር። ይስቃል እንጂ አይቀየምም። ጠዋት ጠዋት በቃሉ የያዘውን ግሪክኛ አንዴ ወደ አማርኛ፣ አንዴ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰ ያስተምረናል። አንድ ልማድ ነበረው፦ ከባድ ቃል ሲመጣ ሁላችንም የምናውቀውን ሰው ምሳሌ ያደርጋል። ለትዕግሥት፣ ስንቅ የምታመላልስለትን ሚስቱን ጥሩነሽን ጠርቶልናል። ቃል ያለ ሰው ምሳሌ አይገባም ባይ ነው።

አንድ ቀን ጳውሎስ ኃጢአትን በየስሙ የሚዘረዝርበት ቦታ ደረሰ። «ፖኔርያ» አለ። «ክፋት ማለት ነው። ግን ልብ ውስጥ ተኝቶ የሚቀረው አይደለም፤ ሌላው ሰው ሲጎዳ ካላየ የማያርፈው ነው።»

«እንደ ማን?» አልነው። ዝም ሲል እኛው «እንደ ዳዲ!» ብለን መለስን። አላረመንም።

ብዙም ሳይቆይ ዳዲ ራሱ ከአለቆቹ ተጣልቶ በእኛው ክፍል በር ተገፍትሮ ገባ። እስር ቤት የሚበላው ከቤት የሚመጣ ስንቅ ነው፤ ስንቅ የሌለውን አንዱ ማዕድ ይጠራዋል። የዳዲ ቤተሰብ ፈርቶ ቀረ፤ ከእኛም የጠራው የለም። ጉርሙም ጥሩነሽ የላከችውን አገልግል ፈቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶት በላ። የእጁን አገኘ ብለን ሁላችንም ደስ አለን።

በማግስቱ ለትምህርት ስንሰበሰብ የጉርሙ ፊት እንቅልፍ ያላየ ሰው ፊት ነበር።

«ፖኔርያ ምሳሌ ሳይኖረው ቀርቶ ነበር» አለ። «እናንተ የሰጣችሁኝን ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ትናንት ግን ዳዲ ተርቦ ሲያየኝ፣ ምግቡ ከወትሮው ይበልጥ ጣፈጠኝ። ቃሉ ይሄ ነው። ምሳሌውም እኔ ነኝ።»

ምሁር የተባለ ሰው በተማሪዎቹና በጠላቱ ፊት እንዲህ ራሱን ሲያጋልጥ አይቼ አላውቅም ነበር።

ስንቁ ሲመጣ አገልግሉን ይዞ ዳዲ ወደ ተቀመጠበት ጥግ ሄደ። «ኮታ ኦቦ ዳዲ፣ ይምጡ፣ አብረን እንብላ» አለው።

ዳዲ ቀና ብሎ አላየውም። «እጄን አልታጠብኩም» አለ።

ጉርሙ ውሃ በጣሳ ቀድቶ አጎነበሰለት። ይቅር ማለቱ ቀሎት አልነበረም፤ ዓይኑን ከዳዲ ፊት አሽሽቶ ሲያፈስለት ውሃው ግማሹ መሬት ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ያንን ስቀልድበት የኖርኩትን ሰው እንደ ታቦት ፈራሁት። ተነሥቼ ጣሳውን ከእጁ ተቀበልኩና ዳዲን እኔ አስታጠብኩት።