ለቮልሷ ማደሪያ ፍለጋ

ባለፈው ሳምንት ጦር ኃይሎች መጋጠሚያው ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሜ ሳለሁ፣ የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈች ወረቀት ዓይኔ ውስጥ ገባች። ዝናብ ፊደሏን አደብዝዞታል፤ ቢሆንም ትነበባለች። «የሚከራይ ቤት፤ መኪና ያስገባል» ትላለች። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን እስኪያምባርቅብኝ ድረስ ደጋግሜ አነበብኳት። ያቺን «መኪና ያስገባል» የምትል ነገር በወጣትነቴ አንድ ክረምት ሙሉ ሳሳድዳት ነበር የከረምኩት።

ያኔ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ ቀለም ክፍል እሠራ ነበር። ዕድሜዬ ሃያዎቹን አጋምሷል፤ አላገባሁም። ለዓመታት ባጠራቀምኩት ገንዘብ አንዲት ውሃ ሰማያዊ አሮጌ ቮልስ ገዝቼ ነበር። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ስትሄድ የሚያባርራት ነገር ያለ ትመስላለች። እኔም ያው ነበርኩ። አንድ ቦታ መርጋት አይሆንልኝም። ምሳዬን ሳልጨርስ እነሳለሁ፤ ሰው ቤት ገብቼ ወንበሩ ሳይሞቅ የምወጣበትን ሰበብ አስባለሁ። ምን እንደሚያጣድፈኝ ግን ራሴም አላውቀውም ነበር።

ቤታችን ኮልፌ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን በሚገባው ቅያስ ውስጥ ነበር። ቮልሷ ቅያሱን እንደ ምንም ብላ ትገባለች። ግቢያችን ግን ያለው የእግር በር ብቻ ነው፤ ውጭ ካደረች ደግሞ ጎረቤት ማለፊያ ያጣል። ስለዚህ ወፍጮ ቤቱ ደጅ አሳድራትና ጠዋት ዱቄት ለብሳ አገኛታለሁ። አንድ ቀን የግራ ስፖኪዮዋን ነቅለው ወሰዱት። ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው ቀኙን ደገሙት።

ከእግር በሩ በቀር፣ በቅያሱ በኩል ያለውን የግቢያችንን ጎን ከዳር እስከ ዳር የያዘው የአባባ የእንጨት ሥራ ክፍል ነበር። አባባ አናጢ ነበር። ካረፈ በኋላ እማዬ ክፍሉን ቆለፈችው። መላጊያው፣ መጋዙ፣ ለጎረቤት ጀምሮት የቀረው ወንበር፣ ሁሉም እሱ እንደተወው ነው። አንዴ አጎቴ «ለምን ለሱቅ አይከራይም?» ቢላት ለወራት አላናገረችውም። እሷም ራሷ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም መሄድ ተወች። ከሥራ ስመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። «ለምን ቆየሽ?» ነው የመጀመሪያ ቃሏ። ቆይቼ እንኳን ባይሆን።

«እማዬ፣ ቤት ልከራይ ነው» ያልኳት ቀን ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አላቆመችም።

«ምነው፣ የኛ ጣሪያ ፈሰሰ?»

«መኪናዋ ማደሪያ አጣች። ስፖኪዮዋን አየሽው አይደል?»

«ሳታገባ ከእናቷ ቤት የምትወጣ ልጅ፣ ሰው ምን ይላታል?»

«መኪና አላትና ወጣች ይላታላ» ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

እሁድ እሁድ ከደላላው ከሽፈራው ጋር መዞር ጀመርኩ። ሽፈራው ጋቢና መቀመጥ ነፍሱ ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም እጁን ያነሣል። ክረምት ስለነበር በየመንገዱ ዳር የበቆሎ ጥብስ ይሸታል። እሱም በወረደ ቁጥር አንድ ሳይገዛ አይመለስም፤ ፍሬው ከወንበሩ ሥር ተንጠባጥቦ ሳምንቱን ሙሉ ስለቅም እከርማለሁ።

መጀመሪያ ያየነው እዚያው ጦር ኃይሎች ነበር፤ ከሱቆቹ በላይ ያለ ብርሃን የሞላው ክፍል። ደስ ብሎኝ ወረድኩ። ታች ስደርስ አንድ ሚኒባስ ቮልሷን ዘግቷት ቆሟል። ረዳቱ እግሩን ዘርግቶ «ሾፌሩ ምሳ ላይ ነው፣ እህት» አለኝ። ጠበቅን። ቀጥሎ ቡና ላይ ሆነ። አሁንም ጠበቅን። «እዚህ ከተከራየሁ ሥራ የምገባው ይሄ ሰውዬ ሲጠግብ ነው» አልኩት ሽፈራውን።

ከዚያ ወደ ሳንሱሲ ሄድን። ግቢው ጽጌረዳ የተተከለበት፣ ሁለት መኪና ያለ ጭንቅ የሚያስገባ ነው። አከራዩ ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ጡረተኛ ነበሩ። ከበር ጀምሮ ሲያስጎበኙኝ ቆይተው፣

«ባለቤትሽ መቼ መጥቶ ያየዋል?» አሉኝ።

«አላገባሁም፣ አባቴ።»

ወደ ቮልሷ ዞረው አዩ። «እና መኪናው የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

የሸሚዛቸውን ቁልፍ ነካካ አደረጉ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ክፉ ሰው ነው አትበይኝ። ብቻዋን የምትኖር ሴት መኪና ካላት እንግዳ ይበዛባታል» አሉኝ።

«ብቻውን የሚኖር ወንድ መኪና ይዞ ቢመጣብዎስ?»

«እሱማ ቁም ነገረኛ ነው!»

ሽፈራው እስከ አስኮ ድረስ ሳቁን ማቆም አልቻለም። «አንዲት የውሸት ቀለበት ግዢና ተመልሰን እንሂድ» ይለኛል። እኔ ግን ማርሹን እየደበደብኩ ነበር የምነዳው። ቤት ስገባ እማዬ ፊቴን አይታ እራቴን አቀረበችልኝ። «ለምን ቆየሽ?» ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ከመቼውም ቀድሜ ወጣሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ስንቱን በር አንኳኳን። ወይ በሩ ጠባብ ነው፣ ወይ መንገዱ ገደል ነው፣ ወይ ባለቤቱ ዘመድ አይሮፕላን ጣቢያ የምታደርስለት ተከራይ ነው የሚፈልገው። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር ደረስን። ያኔ ግማሹ ቤት ገና በጅምር ነው፤ ከዋናው መንገድ ታጥፈህ ስትገባ ጭቃው ጎማ ይውጣል። ቮልሷ ወደ ጎን እየተንሸራተተች ከአንድ ሰፊ የቆርቆሮ በር ፊት ቆመች። የላስቲክ ቦቲ ያደረጉ ወፍራም ሴትዮ፣ ወይዘሮ በቀለች፣ በአጥሩ በኩል ከጎረቤታቸው ጋር በኦሮምኛ እያወሩ ነበር። ወሬያቸውን ገታ አድርገው ወደኔ ዞሩና፣

«መኪናው ዘይት ያፈሳል?» አሉኝ።

«ትንሽ።»

«እንግዲያው አሸዋ እናለብሰዋለን። ግቢ፣ ቤቱን እይው።»

ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም። ቤቱን በደንብ ሳላየው ወደድኩት፤ ቀብድ ሰጥቼ ወጣሁ። ሽፈራውን መንገድ ላይ ካወረድኩት በኋላ ብቻዬን ስነዳ እየዘፈንኩ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ግን ለእማዬ እንዴት እንደምነግራት ማሰብ ጀመርኩ፤ ዘፈኑም ጠፋብኝ።

ቅያሱ መግቢያ ላይ የእድራችን ሰዎች ቆርቆሮ ተሸክመው አለፉኝ። አንዱ ጎረቤታችን ፊቱ በአቧራ ነጥቶ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ውቢት!» አለኝ። ምኑን እንደሆነ አልገባኝም። ወደ ቤት ቀና ስል የአባባ ክፍል የለም። ጣሪያው ወርዷል፤ ግድግዳው ተንዷል። መሣሪያዎቹ በጆንያ ተጠቅልለው በረንዳው ላይ ተደርድረዋል። እማዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ክፍሉ የነበረበትን መሬት በመጥረጊያ ትጠርጋለች። አየችኝ።

«ነይ፣ አስገቢያት» አለች።

 ወፍጮ ቤቱ ደጅ ያቆምኳትን ቮልስ ሄጄ አመጣሁ። እማዬ በሕይወቷ መኪና አስቁማ አታውቅም፤ የሚኒባስ ረዳቶችን አይታ መሆን አለበት፣ እጇን እያወዛወዘች «ነይ፣ ነይ፣ ነይ... ወደ ግራ... ነይ... በቃ!» ትለኛለች። ገባች። ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢያችን ውስጥ ገባች። ሞተሩን አጥፍቼ መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ። እማዬ ያለ ስፖኪዮ በቀረው መስኮት በኩል መጥታ ቆመች።

«አልወርድም አልሽ?»

«እማዬ... ለመኪናዋ ብቻ አይደለም እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔስ ለመኪና ብዬ የአባትሽን ክፍል የማፈርስ ሰው መሰልኩሽ?»

ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ አላለቀሰችም። በሌላው በኩል ዞራ በሩን ራሷ ከፈተችና ጋቢናው ላይ ገብታ ተቀመጠች። ክፍሉ በነበረበት በኩል የማታ ፀሐይ እስከ ሳሎናችን መስኮት ድረስ ገብቶ ነበር። ያን ብርሃን በዚያ ሰዓት በግቢያችን አይቼው አላውቅም።

«ጠዋት ሳስጀምራቸው እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነበር» አለች ዓይኗን ከብርሃኑ ሳታነሣ። «ግድግዳው ሲወርድ ግን፣ እስከ ዛሬ እንዲህ ጨልሞብን ነው የኖርነው እንዴ አልኩ።» ከዚያ ወደኔ ዞረችና፣ «አገኘሽ?» አለችኝ።

«አገኘሁ። ዓለም ባንክ።»

«ጭቃው!»

«ጭቃ አለው።»

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ወስደሽ አሳዪኝ።»

በማግስቱ ሽፈራው ጋቢናውን ተነጥቆ ከኋላ ተቀመጠ፤ መንገዱን ሙሉ አኮረፈ። እማዬ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ ይዛ ግራና ቀኝ ታያለች። «ይሄ ሁሉ ቤት መቼ ተሠራ?» ትላለች። ወይዘሮ በቀለች ቤት ስንደርስ ውሃው በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ ሽንት ቤቱን፣ የበሩን መቀርቀሪያ፣ ሁሉንም መረመረች። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

«አምሽታ ስትመጣ በሩን ማን ይከፍትላታል?» አለች እማዬ።

«እኔ» አሉ ወይዘሮ በቀለች። «የኔም ልጆች ሰው ቤት ተከራይተው ነው የሚኖሩት። አይዞዎት።»

እማዬ ጭንቅላቷን በእሺታ ነቀነቀች። ስንነሳ ሴትዮዋን ሦስት ጊዜ ሳመቻቸው።

መስከረም ሲጠባ ገባሁ። ነፃ ስወጣ የምረጋጋ መስሎኝ ነበር፤ አልሆነም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሥራ ስወጣ መሪው ራሱ ወደ ኮልፌ ይዞርብኛል። እማዬ ግን ደጃፍ ላይ መቀመጡን ትታለች። አንዳንድ ቀን ደርሼ ጭራሽ አጣታለሁ፤ እህቷ ቤት ሄዳ፣ ወይ ገበያ ወጥታ። ያኔ የአባባ ክፍል የነበረበት ቦታ መጠረጉን አይቼ እመለሳለሁ። ወይዘሮ በቀለች ቤት ሁለት ዓመት ግድም ኖርኩ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ቤት፣ ሌላ መኪና መጣ፤ ትዳርም መጣ።

እማዬ ካረፈች ቆየ። አሁን እኔ በዚያ ክረምት ከነበራት ዕድሜ አልፌያለሁ። ትናንት ምሳ ላይ ትልቁ ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ሊከራዩ እንደሆነ ነገረኝ። ቀና ብዬ ሳላየው «መንገዱ እንዴት ነው?» አልኩት። ደህና መሆኑን ነገረኝ፣ በሩም ሰፊ ነው አለ፣ በልቶም ሄደ። ልጠይቀው የፈለግኩት ግን ያን አልነበረም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከክፍል ክፍል እየተመላለስኩ፣ እማዬ «ወስደሽ አሳዪኝ» እንዳለችኝ ሁሉ እኔ ልለው የሚገባኝ ምን እንደነበር እፈልጋለሁ።